ማንም ያልነካቸው 38 ሾርትከቶች

ውድ ጠያቂ፣

ለመመረቂያ የሠራሽው የፋርማሲ ሽያጭ ሶፍትዌር 38 የኪቦርድ ሾርትከት (ማውስ ሳይነካ በቁልፍ ብቻ ትእዛዝ የሚሰጥበት አቋራጭ) እያለው የሞከሩት ሠራተኞች ሁሉንም በማውስ እንደሠሩ ጽፈሻል። ቃለ መጠይቅ ላይ ምክንያቱን ስትጠየቂ «ስላልለመዱ ነው» አልሽ፤ ሥራውም አለፈሽ። አሁን ፕሮጀክቱን ለቀጣሪ ከማሳየው የሥራ ስብስብ፣ ከፖርትፎሊዮዬ፣ ላውጣው ወይ ትያለሽ። አታውጪው። መለወጥ ያለበት መልስሽ ነው፤ ጥፋቱን ተጠቃሚው ላይ የሚጥል ሰው ለዲዛይን ሥራ አይታመንም።

ሾርትከቶቹን የዘረዘርሽው «እገዛ» ገጽ ውስጥ ነው። እዚያ የሚገባው የቸገረው ሰው ብቻ ነው። በማውስ ሥራው እየሄደለት ያለ ሰው ፈጣን መንገድ መኖሩን ስለማያውቅ ሊፈልገውም አይነሳም። ስለዚህ ሾርትከቱ ዓይኑ በሚያርፍበት ቦታ ይታይ፦ ሜኑ ላይ ከትእዛዙ ስም ትይዩ በቀኝ ጠርዝ፣ ጽሑፍ የሌለው አይከን ከሆነ ማውሱ ሲያርፍበት ብቅ በሚለው አጭር ማብራሪያ (ቱልቲፕ) ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ የሚጫኑት «ሽያጭ መዝግብ» በተን ላይ ደግሞ እዚያው ከስሙ ጎን በደብዛዛ ፊደል። ከኦፊስ 2007 ጀምሮ ወርድና ኤክሴል የኦልት ቁልፍ ሲነካ በየበተኑ ላይ ፊደል ያወጣሉ። አይፓድ ከኪቦርድ ጋር ሲሠራ ኮማንድ ቁልፍ ተይዞ ከቆየ የዚያን አፕ ሾርትከቶች ይዘረዝራል። ሁለቱም የሚያስተምሩት ሰውየው ሥራው ላይ እያለ ነው።

ቀጥለሽ ቁጥሩን ቀንሺ። የትኛው ትእዛዝ ስንት ጊዜ፣ በማውስ ወይስ በኪቦርድ እንደተነካ ሶፍትዌሩ ለአንድ ሳምንት ይመዝግብ። በብዛት የተነኩትን ስድስት ወይም ስምንት ብቻ ፊት ለፊት አውጪ፤ የቀሩት ዝርዝሩ ውስጥ ይቆዩ። አንዱን ትእዛዝ ሦስት ጊዜ በማውስ ለነካ ሰው ከታች ጥግ ላይ «ኮንትሮል ኢንተር ይህንኑ ይሠራል» የምትል መስመር ትውጣና ራሷ ትጥፋ። ሥራ የሚያቋርጥ መስኮት ግን አይሆንም፤ ደንበኛ ፊቱ ቆሞ የሚጠብቀው ፋርማሲስት ሳያነብ ይዘጋዋል። ሾርትከቱን አንዴ ከተጠቀመ፣ ወይም ጥቆማውን ሦስት ጊዜ አይቶ ካለፈው፣ ዳግም አትውጣበት።

ደብዳቤሽ ያልነካው ትልቅ ነገር አማርኛው ነው። ሠራተኛው የደንበኛ ስም በአማርኛ ጽፎ፣ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልስ የ«ኤን» ቁልፍ ሲጫን ለኮድሽ የሚደርሰው እንደ ኪቦርዱ ዓይነት «ን» ሊሆን ይችላል። ዌብ ላይ የወጣውን ፊደል የሚናገረውን ኢቨንት ዶት ኪን (event.key) ብቻ የምታነቢ ከሆነ ሾርትከቱ ዝም ይላል፤ ሰውየውም «አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። ኢቨንት ዶት ኮድ (event.code) የሚናገረው የተነካውን ቁልፍ ቦታ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያልፋል፤ ቢሆንም ሠራተኞቹ በሚጽፉበት ኪቦርድ ራስሽ ሞክሪው። ኮንትሮል ኤንን ደግሞ ተዪው፤ ክሮም አዲስ መስኮት ስለሚከፍትበት ለገጽሽ አይለቀውም። ባለአንድ ፊደል ሾርትከቶችም የሚጠፉበት ወይም የሚቀየሩበት መንገድ ይኑራቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የዌብ ተደራሽነት መመሪያ፣ ደብሊውሲኤጂ 2.1፣ ይህን ይጠይቃል፤ ኮምፒውተርን በድምፅ የሚያዝዝ ሰው ሲናገር ያልፈለገው ትእዛዝ ሊነሳበት ይችላልና።

አስተካክለሽ ለአምስት ሠራተኞች ስጪ፤ «ሾርትከት» የሚል ቃል ከአፍሽ አይውጣ። ከሳምንት በኋላ የቀድሞውንና የአሁኑን የኪቦርድ አጠቃቀም ቁጥር ጎን ለጎን ፖርትፎሊዮሽ ላይ አስቀምጪ። ቁጥሩ ባይጨምር እንኳ ለምን እንዳልጨመረ ጻፊ።

ልውሰደው ወይ ላልሽው የሦስት ወር ኮርስ ተበድረሽ አትክፈዪ። ስለ 2.9 የመመረቂያ ውጤትሽም ቀጣሪዎች ካልጠየቁሽ አታንሺ።

አባትሽ «ባንክ ካልገባሽ ተምረሽ ምን ፈየድሽ» ማለታቸው ተገቢ አይደለም። ቤቱ ከደመወዝሽ ድርሻ የሚጠብቅ ከሆነ መጠኑ በብር ይነገርሽ፤ ያን ጊዜ መነጋገር ይቻላል። ለጎረቤት ወሬ ተብሎ ሥራ አይመረጥም። የቀረበልሽ የሶፍትዌር ድጋፍ ሥራ ከባንኩ ያነሰ ቢከፍልም ኪራይና ትራንስፖርት ከሸፈነልሽ ግቢበት። ወደ ዲዛይን በዚያ በር የገባን ብዙ ነን፤ ተጠቃሚው የት ላይ እንደተደናገረ በየቀኑ የሚሰማው ድጋፍ ሰጪው ነው። ካልሸፈነልሽ ባንኩን ያዢ፤ ሙከራውን ቅዳሜ ከሰዓት መሥራት ይቻላል። የድጋፉን ውል ከመፈረምሽ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ደንበኞቹ ዘንድ በአካል ሄደሽ ሲሠሩ የምታዪበት ቀን አለ ወይስ ሥራው ስልክ ማንሳት ብቻ ነው?