«ነገ ቢሮ ብቅ በል» ተብሎ ሆዱ ባር ባር ላለው፦ ጥያቄና መልስ

በሰው ሀብት ክፍል ለዓመታት ስሠራ ሰው መጥራት የዕለት ሥራዬ ነበር። እንቅልፍ አጥቶ አድሮ ፊቴ የተቀመጠው ሰው ብዙ ነው። የሚያስጨንቃችሁን ጠይቁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከቤት ሆኜ ነው የምሠራው። ትናንት ማታ አለቃዬ «ነገ 4 ሰዓት ላይ ቢሮ ብትመጪ» ብሎ ጻፈልኝ። ሌላ ምንም የለውም። ሊያሰናብቱኝ ነው?

እህቴ፣ ከዚህች መልእክት ተነስቶ ይህን ሊነግርሽ የሚችል የለም። ሰው የሚጠራው ውል ለማደስ፣ ከማህደሩ የጎደለ ሰነድ ለማሟላት፣ አዲስ ሥራ ለመስጠት፣ ላፕቶፕ ለመቀየር ወይም ባልደረባው ላይ ስለቀረበ አቤቱታ የሚያውቀውን ለመጠየቅ ሊሆን ይችላል። ለማስጠንቀቂያና ለስንብትም ይጠራል፤ የለም ብዬ አልዋሽሽም። ግን የመልእክቱ ማጠር የቱ እንደሆነ አይናገርም። እኔ ራሴ አጭር የምጽፈው በሁለት ስብሰባ መሀል ቆሜ ስለምጽፍ ነበር።

አንድ ጊዜ ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ «ጠዋት ቢሮዬ ብቅ በል» ብዬ ላክሁለት። የጀርባ ቦርሳ አንጠልጥሎ መጣ። ዚፑ አልዘጋ ብሎ ኩባያውና የልጁ ፎቶ ከነፍሬሙ ከላይ ይታያሉ። መሳቢያውን ባዶ አድርጎ ነው የመጣው! እኔ የፈለግሁት የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ላይ አንዲት አሃዝ ስለተሳሳተች በእጁ እንዲያርምልኝ ነበር። እስክሪብቶውን ሲይዝ ጣቱ እየተንቀጠቀጠ 4ቱን 9 አስመስሎ ጻፈው፤ ሌላ ቅጽ አመጣሁለት። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብጨምር ኖሮ ያቺን ሌሊት ተኝቶ ያድር ነበር።

ጥያቄ፦ ምክንያቱን ብጠይቅ ድፍረት አይመስልብኝም?

አይመስልም። እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ «እሺ፣ በሰዓቱ እገኛለሁ። ተዘጋጅቼ እንድመጣ ጉዳዩን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ይዤ የምመጣው ሰነድ ይኖር ይሆን?» እሺታህን አስቀድመህ ስለሰጠህ ማንገራገር አይሆንም። «ስትመጣ እንነጋገራለን» ካሉህ ግን ደግመህ አትወትውት፤ ባልደረቦችህንም እየዞርክ አትጠይቅ። እነሱም የሚሰጡህ ግምት ነው፤ ያው ግምት ደግሞ ማታ ሲደርስ ወሬ ሆኖ ይመለስልሃል።

ጥያቄ፦ የተጠራሁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ክፉም ቢሆን ቁርጡን ቢነግሩኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ የምሆነው እኔ ብቻ ነኝ?

ብቻህን አይደለህም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። 45 ፈቃደኞች በኮምፒውተር ጨዋታ ድንጋይ ሥር እባብ መኖር አለመኖሩን ይገምታሉ፤ እባብ ከተገኘ እጃቸውን የሚያም ኤሌክትሪክ ይነዝራቸዋል። ላባቸውና የዓይናቸው ብሌን መስፋት ሲለካ፣ ጭንቀታቸው ከሁሉ የበረታው ንዝረቱ እንደማይቀር ባወቁበት ጊዜ አልነበረም፤ ይምጣ ይቅር ግማሽ በግማሽ ሲሆን ነበር። እንግዲህ «ቁርጡን ባወቅሁት» ማለትህ የፈሪነት ምልክት አይደለም፤ የሰው አካል ሥሪቱ እንዲህ ነው።

ስለዚህ ከቁርጡ የቻልከውን ያህል ለራስህ ስጥ። ይሆናል የምትላቸውን ሦስት ምክንያቶች በወረቀት ላይ ጻፍ፤ በየአንዳንዱ አጠገብ ያ ቢሆን መጀመሪያ የምታደርገውን አንድ ነገር አስፍር፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፈህ አስቀምጠው። ሌሊት ልብህ ሲመታብህ ትንፋሽህን ወደ ውስጥ ከሳብክበት ረዘም አድርገህ አውጣው። ሰው ሲያስወጣ የልብ ምት ረገብ ስለሚል ጥቂት ደቂቃ ብትቆይበት ይሰማሃል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር ለደንበኛ የተሳሳተ ዋጋ ልኬያለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ተጠራሁ። ሳልጠየቅ ላውጣው?

አዎ፣ ዛሬውኑ፤ የስብሰባውን ቀን አትጠብቂ። ምን እንደተሳሳትሽ፣ መቼ እንደሆነና ለማረም ምን እንደጀመርሽ ለቅርብ ኃላፊሽ በጽሑፍ አሳውቂ። ቀድሞ የደረሰ ሪፖርት ይባላል፤ በጥያቄ መሀል የወጣ ግን ተደብቆ የተገኘ ነው። ሁለቱ በማህደር ላይ ጨርሶ አንድ አይደሉም። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ የሚችል ከሆነ ግን ከመጻፍሽ በፊት ጠበቃ አማክሪ።

ይህን ስል ያስታወስሽውን ሁሉ ዘርግፊ ማለቴ አይደለም። ገና አፌን ሳልከፍት የዓመት ማርፈዱን በሙሉ የቆጠረልኝ ሰው አለ፤ የጠራሁት ለሥልጠና ነበር። ቁጭ ካልሽ በኋላ አስቀድመሽ ጉዳዩን ጠይቂና አዳምጪ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 58 ነው። ወረቀት አቅርበው «ይፈርሙ» ቢሉኝስ?

አባቴ፣ ሳያነቡ አይፈርሙ። «ቤት ወስጄ ላንብበው» ማለት ነውር የለበትም። ማስጠንቀቂያ ከሆነና መቀበልዎን ብቻ እንዲያረጋግጡ ከፈለጉ፣ ከፊርማዎ አጠገብ «መድረሱን ብቻ ለማረጋገጥ» ብለው ይጻፉ፤ ቅጂውንም ይቀበሉ። «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ከሆነ ግን እዚያው ወንበር ላይ ፈጽሞ አይፈርሙ። ስንት ዓመት ያገለገለ ሰው በደነገጠበት ቅጽበት መብቱን በአንድ ፊርማ ሲያጣ ማየት ያንገበግበኛል።

የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው 158ኛው ስምምነት፣ ሠራተኛ በጠባዩ ወይም በሥራ አፈጻጸሙ ምክንያት ከመሰናበቱ በፊት ለቀረበበት ክስ መልስ የመስጠት ዕድል ሊያገኝ እንደሚገባ በአንቀጽ 7 ይደነግጋል። ስምምነቱ የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ነው። ሰው ይዞ ስለመግባት ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፦ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. የ1999ኙ ሕግ ለዲሲፕሊን ስብሰባ ባልደረባን ወይም የሠራተኛ ማኅበር ተወካይን ይዞ መግባት ይፈቅዳል። ማኅበር ካለዎት ዛሬውኑ ይደውሉላቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ጠሪው ነኝ። ምክንያቱን በመልእክት መጻፍ የማልችልበት ጊዜ አለ። ምን ላድርግ?

የምትችልበትን ጊዜ ሁሉ ጻፍ፤ «ስለ ውል እድሳት፣ 15 ደቂቃ» ይበቃል። ምስጢር ከሆነ በሥራ ሰዓት ደውልና ዛሬውኑ አግኘው። ዓርብ ማታ ልከህ ለሰኞ አትቅጠር። የዲሲፕሊን ጉዳይ ከሆነ ደግሞ እንደዚያው ብለህ ጻፍ፤ ሊዘጋጅበት ይገባዋል። «አይዞህ፣ ምንም አይደለም» የሚለውን ግን እውነት ካልሆነ አትጻፍ። አንዴ እንዲህ ብለህ ካሰናበትከው በሚቀጥለው ጊዜ የቀሩት ሠራተኞች አያምኑህም።