«ለድሮ ስካነር የሊኑክስ ድራይቨር ራሳችን መጻፍ እንችላለን ወይ?» ለሚለው ጥያቄ

ደሴ ፒያሳ ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተሩ ወደ ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ስለዞረና ስካነሩ ከዊንዶውስ 7 ወዲያ ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እሱን የሚያዝበት ፕሮግራም፣ ስለሌለው፣ «ራሳችን ብንጽፈውስ፣ ከየት ይጀመራል?» ላልከው ነው። አብሽር፣ ይቻላል። ግን ከኮድ በፊት ካቻቢቴ ያስፈልግሃል።

ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ስም ብዙ አይነግርህም፤ ወሳኙ ውስጥ ያለው ቺፕ ነው። ካኖን ላይድ 100 እና 200 በጂኤል847 ይሠራሉ፣ 110 እና 210 ደግሞ በጂኤል124፤ ሁሉም ለሊኑክስ የስካነር ድራይቨሮችን በሚያዘጋጀው በሴን ፕሮጀክት፣ ጄኔሲስ በሚለው ክፍል ውስጥ ናቸው። ያንተም ቺፕ ከዚህ ቤተሰብ ከሆነ አዲስ ድራይቨር አትጽፍም፤ የሴንሰሩን፣ የሞተሩንና የሞዴሉን ሠንጠረዥ ብቻ ትጨምራለህ። ከመፍታትህ በፊት ሴን ፋይንድ ስካነር የሚለውን ትእዛዝ ሞክር፣ ብዙ ጊዜ የቺፑን ስም ራሱ ያወጣልሃል። ስካነሩ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ብቻ ከሠራ ችግሩ የዩዴቭ፣ ማለትም ማን መሣሪያውን መንካት እንደሚችል የሚወስነው ደንብ፣ ፈቃድ እንጂ ድራይቨር አይደለም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው በከንቱ ይደክማል።

ሞዴሉ ካልተመዘገበ ዋናው ሥራ የዊንዶውስ ድራይቨሩና ስካነሩ በዩኤስቢ የሚነጋገሩትን ማዳመጥ ነው። ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም) ላይ ዊንዶውስ 7 ጭነህ ስካነሩን ወደ ውስጥ አሳልፍ። የዩኤስቢ ኮንትሮለሩን 2.0 አድርገው፤ 1.1 ላይ ከተተወ ወይ ይንቀራፈፋል ወይ ጭራሽ አይገናኝም። በሊኑክሱ በኩል የዩኤስቢ ንግግሩን የሚያዳምጠውን የዩኤስቢሞን ሞጁል ጭነህ፣ ንግግሩን መዝግቦ በሚያሳየው በዋየርሻርክ ቅዳ። የዩኤስቢሞንን የጽሑፍ ፋይል አትመን፣ ከእያንዳንዱ ፓኬት 32 ባይት ብቻ አሳይቶ ይቆርጠዋል።

ሙሉ ኤ4 አትቅዳ። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) በቀለም 2480 በ3508 ነጥብ፣ 26 ሜጋባይት ይሆናል። ሁለት ሳንቲሜትር በሁለት ሳንቲሜትር ብትመርጥ ግን ምስሉ 167 ኪሎባይት ገደማ ነው፣ በዓይን ልትከታተለው ትችላለህ። በየቅጂው አንድ ነገር ብቻ ቀይር፦ መጀመሪያ መሰካት ብቻ፣ ቀጥሎ ፕሮግራሙን መክፈት ብቻ፣ ከዚያ 75 ዲፒአይ ግራጫ፣ ከዚያ ያንኑ ቦታ በ150፣ በመጨረሻ በቀለም። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ቅዳ። የሁለቱ ልዩነት ነው ሚስጥሩን የሚያወጣው።

ምክንያቱም ወደ ስካነሩ የሚሄዱት ትልልቅ የበልክ (በጅምላ የሚላኩ) ዳታዎች ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። እንደተሰካ ወዲያው የሚላክና በሁለቱም ቅጂ አንዲት ባይት የማይለወጥ ከሆነ ፈርምዌር፣ ማለትም ስካነሩ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ነው። ስካን ሊጀምር ሲል የሚላክና በየጊዜው ትንሽ ትንሽ የሚለዋወጥ ከሆነ የሻዲንግ ሠንጠረዥ ነው፤ ለየነጥቡ የጨለማና የብርሃን ማስተካከያ ይዟል፣ ከሱ በፊት የምታያቸው አጫጭር ንባቦችም የካሊብሬሽን (የማመጣጠኛ) ናቸው። ባለ 16 ቢት ቁጥሮች ከትልቅ ጀምረው እየወረዱ ከሄዱ የሞተሩ ፍጥነት ነው። ቁጥሩ በሁለት እርምጃ መካከል ያለው ጊዜ ስለሆነ ትልቁ ማለት ዝግታ ነው።

የሬጅስተር፣ ማለትም ቺፑ ውስጥ ትእዛዝና ሁኔታ የሚያዝባቸው ትንንሽ ቦታዎች፣ አጻጻፍም ከቺፕ ቺፕ ይለያያል። ጂኤል841ን በመሰሉት በሪኩዌስት (የዩኤስቢ ትእዛዝ ቁጥር) 12፣ ሄክስ (በ16 መሠረት የተጻፈ) 83 ሬጅስተሩን ይመርጣል፣ ሄክስ 85 ይጽፍበታል። በጂኤል847 እና በጂኤል124 ግን ሬጅስተሩና ዋጋው በ2 ባይት አብረው በሪኩዌስት 4 ይሄዳሉ።

ስካነርህ ኤልኢዲ ሳይሆን ቱቦ መብራት ያለው ከሆነ ደሴ ላይ በጠዋት አትቅዳ። ቱቦው ብርድ ላይ ደብዝዞ ስለሚነሳ ድራይቨሩ እስኪረጋጋ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ቅጂህም በማይረባ ንባብ ይሞላል። ኮምቦልቻ ወርዶ መቅዳት አያስፈልግም፤ አሥር ደቂቃ አሙቀው።

አሁን አደገኛው ክፍል፣ ሞተሩ። በፓይተንና ከዩኤስቢ መሣሪያ ጋር በሚያነጋግረው በፓይዩኤስቢ ስትጀምር ለጥቂት ቀን ንባብ ብቻ ሥራ። ባሩ (ከመስታወቱ ሥር እየሄደ የሚያነበው ክፍል) መነሻው ላይ መሆኑን የሚያሳየውን ቢት ሳታገኝ ሞተር አታዝ፤ ባሩ ግድግዳውን እየገፋ ቺንጋው ጥርስ ይዘላል፣ የፕላስቲክ ጥርሶቹም ይበላሉ። ቢቱን ለማግኘት ባሩን አንዴ መነሻው ላይ፣ አንዴ መሃል ላይ አድርገህ ሬጅስተሮቹን አወዳድር። የማጓጓዣ መቆለፊያ ካለው መከፈቱን እይ። ሞተሩ እየጮኸ ካልተነቃነቀ የፍጥነቱን ሠንጠረዥ ከትንሹ ቁጥር ጀምረሃል ማለት ነው። እጅህ ሁልጊዜ መንቀያው አጠገብ ይሁን፦ በዩኤስቢ ኃይል ለሚሠራው ኬብሉ፣ አዳፕተር ላለው አዳፕተሩ።

ምስሉ ሲመጣ ጥፋቱን ራሱ ይነግርሃል። ወደ ጎን ካዘመመ የመስመሩን ስፋት ስተሃል። ቁልቁል ሽንትር ካለው ሻዲንጉ አልደረሰም። ባለ 16 ቢት ሆኖ አሸዋ የተበተነበት ከመሰለ ባይቶቹ ተገላብጠዋል። ጥቁር ፊደል በቀይና በሰማያዊ ጥላ ከተከበበ ሴንሰሩ ሲሲዲ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሦስቱ ቀለሞች በተለያየ መስመር ስለሚነበቡ እንዲገጣጠሙ ማንሸራተት አለብህ።

የአምራቹን ኮድም ሆነ ፈርምዌር ለሴን አታስገባ፤ ፈርምዌር የሚፈልጉትን ሰዎች ከሲዲያቸው እንዲያወጡት ማድረግ የተለመደ ነው።

ሁለቱን የ75 ዲፒአይ ቅጂዎችና የቺፑን ፎቶ እዚህ ስቀል፣ አብረን እናያለን። ስትቀዳ ግን ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ የሆነ ወረቀት አድርግ እንጂ የደንበኛ መታወቂያ አታድርግ፤ የዋየርሻርክ ፋይሉ ምስሉንም ይዞ ይወጣል። ኪቦርዱም በዚያው ባስ (የዩኤስቢ መስመር) ላይ ካለ የምትጽፈው የይለፍ ቃል አብሮ ይቀዳልና ቀድመህ ንቀለው።