ቋሚ ይሁን ወይስ የሚስተካከል? ለወጣት ተኳሾች

«ጋሼ፣ ለውድድር የምይዘው ሽጉጥ ማነጣጠሪያው ቋሚ ይሁን ወይስ የሚስተካከል?» ብላ የጠየቀችኝ አንዲት ወጣት የፖሊስ አባል ናት። መልሱ አጭር ነው። ርቀቱ በሚታወቅ ኢላማ ላይ ለነጥብ የምትተኩሺ ከሆነ የሚስተካከለውን ያዢ። ይህን ብያት መለያየት እችል ነበር። ግን ጥያቄዋ ብዙ ዓመት ያልነካሁትን ነገር ቀሰቀሰብኝ። ቤቴ ከገባሁ በኋላም አልለቀቀኝም። እንደ እሷ ያላችሁ ሌሎችም ስለማትጠፉ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ስለ ጥንቃቄ አልጽፍም። አፈሙዝ ወዴት እንደሚዞርና ጣት መቼ ምላጭ ላይ እንደሚያርፍ ያልተማረ ሰው ገና ወደ ተኩስ ሜዳ መግባት የለበትም። ስለ ፈቃድም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስላለ እሱን አንብቡ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ደብረ ብርሃን አጠገብ የጦር ክፍሎች የተኩስ ውድድር ተዘጋጀ። ያኔ እኔ ገና ጎረምሳ ነኝ፤ ወደ መሣሪያ ጥገና የገባሁት በኋላ ነው። ከቡድናችን አንድ የመንዝ ልጅ ነበር። ቤተሰቦቹ ስላሉ ስሙን አልጠራም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። የሚተኩሰው ማካሮቭ በሚባለው የሶቪየት ሽጉጥ ነበር። የማካሮቭ ማነጣጠሪያ ቋሚ ነው። የኋላው ማነጣጠሪያ ሽጉጡ አናት ላይ ባለ ቦይ ውስጥ ተጠብቆ የገባ ስለሆነ በመዶሻ ካልገፉት ንቅንቅ አይልም። የሱ ሽጉጥ ትንሽ ወደ ግራ ትስታለች። አንድ ቀን ለምን አታስመታትም ብለው «እሷ ግራ ትወዳለች፣ እኔም ቀኝ እይዝላታለሁ» አለኝ። በዚያች ሽጉጥ ሲተኩስ ቀዳዳዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረቡ ነበር።

የደብረ ብርሃንን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳር ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል። እኛ በካፖርት ስንንቀጠቀጥ እሱ የመንዝ ባናውን ደርቦ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ተራውን ይጠብቃል። ያ ባና የእናቱ እጅ ሥራ ነው። ሱፉን ፈትላ ያሠራችው እሷ ናት። ዛሬ የመንዟ ከተማ መሐል ሜዳ ገበያ እንደዚያ የጠበቀ ባና ብፈልግ አገኛለሁ ብዬ አላስብም። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ሊጀመር ሲል የቡድኑ ኃላፊ ሌላ ሽጉጥ ይዞ መጣ። ከሌላ ክፍል በውሰት የተገኘ፣ ለውድድር የተሠራ፣ ማነጣጠሪያው በብሎን ወደ ጎንም ወደ ላይም የሚስተካከል ነው። «በዚህ ተኩስ፣ ይሄ ዘመናዊ ነው» አለው። የመንዙ ልጅ ማካሮቩን አየት አደረገና ምንም ሳይል ተቀበለ። ያኔ አለቃ ያለውን እሺ ማለት ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም።

የሙከራ ጥይቶቹ ወደ ቀኝ ሄዱ። ኃላፊው ካቻቢቴ ይዞ ቀረበና ብሎኗን ወደ ግራ አዞራት። ቀጣዩ ጥይት ግራ ሄደ። መለሳት። አንዱ ዘጠኝ ገባ፣ ተከታዩ ስድስት፣ ሌላው ጭራሽ ከኢላማው ጥቁር ክብ ውጭ። በእያንዳንዱ ጥይት መሐል ካቻቢቴው ይመጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ከጎኑ ባለው መስመር ቆሜያለሁ፤ መናገር ክልክል ነው። በመጨረሻ ኃላፊው ሁሉም እየሰማ «አንተ፣ ዐይንህ ምን ሆነ?» አለው። ልጁ መልስ አልሰጠም። ካዝናውን አወጣ፣ ሽጉጡን ባዶ አድርጎ አስቀመጠ፣ ባናውን አነሳና ሄደ። በማግስቱ በጭነት መኪና በጣርማ በር በኩል ወደ መንዝ ወጣ። ፈቃድ ነበረው መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ በውድድር ሜዳ አልታየም።

የዚያን ዕለት ማታ መሣሪያ እንድናጸዳ ታዘዝን። ያ የውሰት ሽጉጥ ለእኔ ደረሰኝ። በጨርቅና በዘይት እየወለወልኩ የኋላውን ማነጣጠሪያ በአውራ ጣቴ ጥፍር ነካ ሳደርገው ወደ ቀኝ ሄደ። ከግራ ስነካው ተመለሰ። ጠቅ፣ ጠቅ። የብሎኑ ጥርስ ተበልቷል፤ ከሥሩ የሚደግፈው ሞላም ላልቷል። ሽጉጡ በተተኮሰ ቁጥር ማነጣጠሪያው የፈለገበት ቦታ ያርፍ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ተመልከቱ። ከኋላው እስከ ፊተኛው ማነጣጠሪያ 16 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ የኋላው 0.32 ሚሊሜትር ብቻ ፈቀቅ ሲል በ25 ሜትር ላይ ጥይቱ 5 ሳንቲሜትር ይስታል። በ25 ሜትር በዝግታ በሚተኮስበት ኢላማ ላይ የአስር ነጥቡ ክብ ጠቅላላ ስፋት ደግሞ 5 ሳንቲሜትር ነው። በጥፍሬ የተሰማኝ እንቅስቃሴ ከዚያ ይበልጥ ነበር። የትኛውም ዐይን ይህን አያድነውም።

ለኃላፊው ነገርኩት። «ውድድሩ አልቋል» አለኝ። ለልጁ በሰው ላክሁበት፤ መልስ አልመጣም። ብዙ ዓመት ቆይቶ መሐል ሜዳ ለሥራ ስሄድ አጠያየቅሁ፤ አርፏል አሉኝ። የወለደውን ልጅ አገኘሁት። «አባቴ በወጣትነቱ ዐይኑ ከድቶት ነው ተኩስ የተወው» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ አባቱ ከገደሉ ማዶ የሚግጡ በጎችን በጆሯቸው ምልክት ይለይ እንደነበር አጫወተኝ። ስለ ብሎኑ ነገርኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው። ያ ሰው ዕድሜ ልኩን ጤነኛ ዐይኑን ሲወቅስ ኖረ።

ታዲያ ከዚህ በኋላ ቋሚውን ያዙ የምል ይመስላችኋል። አልልም። የሚስተካከለው ይሻላል፤ ምክንያቱም ጥይት ሲለወጥ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል። በ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ 7.5 ግራም የሚመዝን የጥይት እርሳስና 9.5 ግራም የሚመዝን የጥይት እርሳስ አንድ ቦታ አይመቱም። ከባዱ ዝግ ስለሚል አፈሙዙ ከእጅ ጋር ብድግ እስኪል በርሜሉ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ በቅርብ ርቀት ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ይመታል። ብርሃንም አለ። የደጋ ፀሐይ ከጎን ስትመታ የማነጣጠሪያው ጠርዝ ያብለጨልጭና ዐይን ይሸወዳል። እኛ በኩራዝ ጭስ እናጠቁረው ነበር፤ ዛሬም ይሠራል። በቋሚ ማነጣጠሪያ ይህን ሁሉ ልታርሚ ብትፈልጊ ያለሽ መዶሻና ሞረድ ነው። የፊቱን ጉጥ ብትሞርጂው ጥይቱ ከፍ ይላል፤ የሞረድሽው ግን ተመልሶ አይበቅልም።

ኢላማው ቅርብ በሆነበት፣ እየተሮጠ በሚተኮስበት ውድድር ግን ቋሚው በቂ ነው። ጠንካራ ጥይት ለሚተኩስ፣ በየቀኑ ከአፎት ለሚወጣና ለሚገባ ሽጉጥ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ። የሚፈታ ብሎን የለውማ።

የዛሬ ወጣቶች በአንድ ነገር ታስቸግራላችሁ። ዕቃ ትወዳላችሁ። ሦስት ጥይት ተኩሳችሁ ብሎን ታዞራላችሁ፤ ከዚያ ስልክ አውጥታችሁ ቪዲዮ ታያላችሁ። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ተኩሶ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ ቡድን የብር ሜዳሊያ ሲያገኝ ደግሞ ሁላችሁም «ዕቃ ምን ያደርጋል!» ማለት ጀመራችሁ። የያዘው ሽጉጥ እኮ ማነጣጠሪያው የሚስተካከል የውድድር ሽጉጥ ነው! ግን እውነቱን ለመናገር ከእኛ ትሻላላችሁ። እኛ አለቃ ሲያዝ ለምን አንልም ነበር። ያቺ ልጅ ሳታፍር ጠየቀችኝ። ያኔ እንደ እሷ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢኖር የመንዙ ልጅ በማካሮቩ ይተኩስ ነበር።

እግረ መንገዴን፣ በዚያ ዘመን ስማቸው ከሚነሳ የውድድር ሽጉጦች አንዱ የሶቪየቶቹ ማርጎሊን ነበር። ማነጣጠሪያው የሚስተካከል ነው። የነደፈው ሚካኢል ማርጎሊን በጦርነት ቆስሎ ዐይነ ስውር የሆነ ሰው ነው። ክፍሎቹን በእጁ እየዳሰሰ ነው የሠራው። የሽጉጥን ማነጣጠሪያ በእጅ መመርመርን ከዓይን በላይ የማምነው ስለ እሱ ከሰማሁ ወዲህ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ የሚስተካከለውን ስትይዢ መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጪና ማነጣጠሪያውን በጥፍርሽ ነቅንቂው። ከተንቀሳቀሰ ለጥገና ስጪ፤ በሱ አትወዳደሪ። ካልተንቀሳቀሰ ሳትነኪው አሥር ጥይት አንድ ቦታ እያነጣጠርሽ ተኩሺ። ቀዳዳዎቹ ከተበታተኑ ችግሩ ከምላጩና ከእጅሽ ነው፤ ብሎኑን ተይው። ተሰብስበው ግን ከመሐል ርቀው ካረፉ ያኔ አዙሪ። የኋላው ማነጣጠሪያ የሚሄደው ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጊበት ነው፤ ወደ ቀኝ ከፈለግሽ ወደ ቀኝ። ስንት ጊዜ ጠቅ እንዳለ፣ በየትኛው ጥይት፣ በስንት ሰዓት ብርሃን እንደተኮስሽ በደብተር ጻፊ። በውድድር ቀን ከሙከራ ጥይቶች በኋላ ካቻቢቴው ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። አለቃም ቢሆን ሌላ ሰው ብሎኑን ልንካ ካለሽ በትሕትና እምቢ በይ።