መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ የሚገድለው ሰው ቁጥር ለምን ይለያያል?

«አንዱ ሺህ ይላል፣ ሌላው ከዚያ በላይ፤ መንግሥት ራሱ አይቆጥርም ወይ?» ላልከው፦ ይቆጥራል፣ ግን የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ሪፖርት የሚልኩት በፈቃደኝነት ነው። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የወንጀል ሕግ ፖሊስ ከመጠን ያለፈ ኃይል ስለተጠቀመባቸው ጉዳዮች መረጃ እንዲሰበሰብ አዝዞ ነበር። የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ አገር አቀፍ ምዝገባውን የጀመረው ግን በ2019 ነው። 25 ዓመት እኮ ነው! ወደ 18,000 ከሚጠጉት የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬም ሪፖርት አይልኩም።

ትልቁ ጣጣ ግን ምን ይቆጠር የሚለው ነው። ኤፍቢአይ የሚመዘግበው ሰው ሲሞት፣ ከባድ የአካል ጉዳት ሲደርስበት ወይም ፖሊስ ወደ ሰው ሲተኩስ ነው። ወደ ከተሞቹ ስትወርድ አንዱ ሽጉጥ መደገንንም ይጽፋል፣ ሌላው አይጽፍም። ስለዚህ ቁጥሩ የበዛበት ከተማ ፖሊሱ የባሰ ነው ማለት አይቻልም፤ ጠንቅቆ የሚመዘግብ ሊሆን ይችላል።

ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ከ2015 እስከ 2024 የቆጠረው ፖሊስ ተኩሶ የገደላቸውን ብቻ ነው፣ በዓመት ወደ ሺህ። በ2020 በሚኒያፖሊስ ከተማ ፖሊስ የገደለው ጆርጅ ፍሎይድ እዚያ ውስጥ የለም፤ የሞተው በጥይት ሳይሆን ፖሊሱ አንገቱ ላይ ተንበርክኮበት ነዋ። የሚኒያፖሊስ ፖሊስ የመጀመሪያ መግለጫማ ነገሩን የጤና እክል አስመስሎት ነበር። አገዳደሉን የሚያሳየው ቪዲዮ ባይወጣ በየትኛው መዝገብ ይገኝ ነበር? «ማፒንግ ፖሊስ ቫዮለንስ» የተባለው የመረጃ ቋት ግን ያለ ጥይት የተገደሉትንም ስለሚጨምር ቁጥሩ ከፍ ይላል።

ሁለት ከተማ ከማወዳደርህ በፊት የሁለቱንም የሪፖርት ቅጽ ፈልገህ አንብብ።