በጡብ የተሠራ ሮኬት ምድጃ ለምን ይጨሳል?
በጡብ የሠሩት ሮኬት ምድጃ (ማገዶው ከጎን ገብቶ እሳቱ በጠባብ መተላለፊያ ወደ ላይ የሚነድበት ምድጃ) ድስት እንደሚያጠቁር ገልጸው፣ የውስጡን ግድግዳ በጭቃና በአሸዋ ማወፈር ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ አይጠቅምም ባይ ነኝ፤ ከባድ ጭቃና አሸዋ ሙቀቱን ራሳቸው ስለሚውጡት እሳቱ ይቀዘቅዛል፣ ጭሱም ሳይቃጠል ይወጣል። ይልቁንም በእሳቱ መተላለፊያና በውጭው ግድግዳ መካከል የተነፋ ደረቅ አመድ ይሙሉ፤ ሙቀቱ እንዳያመልጥ የሚከላከለው በአመዱ ውስጥ የታመቀው አየር ነውና።

የማገዶ መክተቻውና ወደ ላይ የሚወጣው መተላለፊያ እኩል ስፋት፣ ለምሳሌ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር፣ ቢኖራቸው የመተላለፊያው ቁመት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ከማገዶው ሥር የምትገባውን የብረት መደርደሪያ ነው፤ እንጨቱ በላይዋ ሲያርፍ አየሩ በሥሯ አልፎ ፍሙ ድረስ ይዘልቃል፣ መክተቻው እስከ አፉ በእንጨት ከታጨቀ ግን እሳቱ ታፍኖ መጨስ ይጀምራል። እባክዎ ለዚህ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ አይጠቀሙ፤ ሲግል የሚወጣው ጢስ መርዛማ ነው።

ድስቱንም በመተላለፊያው አፍ ላይ አይድፈኑት፤ በሦስት ጉልቻ ከፍ አድርገው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉለት፣ ነበልባሉ መውጫ ካጣ ወደ መክተቻው ይመለሳል።