መንገዱን አንባቢ ለሚመርጥበት ልብ ወለድ

ልጆቼ፣

ክሪስ ክሊማስ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ትዋይን፣ ማለትም ባለምርጫ ታሪክ መጻፊያ የሆነውን ነፃ ፕሮግራም ስትከፍቱ፣ መጀመሪያ የሚያስጎመጃችሁ የታሪኩን ቅርንጫፍ ማብዛቱ ነው። ተጠንቀቁ። በየገጹ ሁለት ምርጫ ብታስቀምጡና መንገዶቹ መልሰው ባይገናኙ፣ ከአሥር ምርጫ በኋላ 1,024 መጨረሻ ይቆያችኋል። አንዱንም በወጉ አትጽፉትም። ስለዚህ መንገዶቹ የሚገናኙባቸውን ቦታዎች አስቀድማችሁ በወረቀት ላይ ወስኑ። ታሪኩ ቡና ላይ ከሆነ አቦል፣ ቶናና በረካ ሦስት መገናኛ ይሆኑላችኋል። ከአቦል በኋላ አንዱ አንባቢ ቡና ከምታፈላው ሴት ጋር ሲያወራ ይቆይ፣ ሌላው ጓዳ ገብቶ ደብዳቤውን ያንብብ፤ ቶናው ሲቀዳ ሁለቱም ረከቦቱ ፊት ይገኛሉ።

ግን ደብዳቤውን ያነበበውም ያላነበበውም አንድ ዓይነት ቶና ከጠጡ፣ ምርጫው የውሸት ነበር። ደብዳቤው ሲነበብ አንድ ተለዋዋጭ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሆነውን የሚያስታውስበት ምልክት፣ «አዎ» ይባል። የቶናው ገጽ እሱን ይጠይቅ፤ ላነበበው ሰው ሲኒውን የምታቀብለው እጅ ስትንቀጠቀጥ ትታየው። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ለእኔ ከአምስት አዲስ ቅርንጫፍ ትበልጣለች።

ብዙ የምትለፉት ግን በግሱ ላይ ነው። አንባቢውን በሁለተኛ መደብ ስትጠሩት አማርኛ ወንድ ወይስ ሴት ይላችኋል። መግቢያው ላይ ጠይቃችሁ የመጨረሻዋን ፊደል ብቻ ብትቀይሩ «ከፈትህ» «ከፈትሽ» ይሆናል፤ «ትከፍታለህ» ግን «ትከፍቻለሽ» ነው፣ መሀሉም ይለወጣል። እንዲህ ላለው ሙሉውን ቃል ሁለት ጊዜ ጻፉ፣ አለዚያም ትረካውን በኃላፊ ጊዜ አድርጉት። ሊንኩን ደግሞ «ክፈት» ወይም «ክፈቺ» ከማለት «በሩን ልክፈት» በሉት፤ ለሁለቱም ይሆናል፣ ውሳኔውም የአንባቢው ይመስላል። «እርስዎ» ችግሩን ያቃልላል፤ በወጣት ታሪክ ላይ ግን ቅርበቱን ይገድለዋል።

[[ደብዳቤውን ላንብብ->ጓዳ]] ብላችሁ ስትጽፉ ቀስቱ የሚያመለክተው ስም ከገጹ ስም ጋር በፊደል አንድ መሆን አለበት። ገጹን «ፀሐይ» ብላችሁ ሊንኩ ላይ «ጸሀይ» ካላችሁ፣ ትዋይን ሌላ ገጽ ነው ብሎ ባዶውን ይፈጥረዋል፤ አንባቢውም እዚያ ይቀራል። ገጾቹ እንደ ሳጥን በሚታዩበት የትዋይን ካርታ ላይ ያላሰባችሁት ሳጥን ሲበቅል ሞክሼ ፊደላቱን ፈትሹ።

ብራውዘር ላይ የምትሠሩ ከሆነ ሥራው የሚቀመጠው እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ነው፤ ዳታው ሲጸዳ አብሮ ይጠፋል። ማታ ማታ ፋይሉን አውርዳችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።