የናሚቢያን ዝሆኖች አይታ የዱር እንስሳት ሙያ ለተመኘች ተማሪ

ውድ እህቴ፣

የባዮሎጂ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ስለ ናሚቢያ የበረሃ ዝሆኖች የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ካየሽ ወዲህ ልብሽ በዱር እንስሳት ጥበቃ ተይዟል። ቤተሰቦችሽ ግን «እንጀራ አይሆንሽም፣ ወደ ጤናው ዙሪ» ይሉሻል። ሥራው አለ ወይ? ለማስተርስስ ናሚቢያ ልሂድ? ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ሥራው አለ። ፊልሙ ያላሳየሽ ግን አብዛኛው ሥራ ከሰው ጋር መሆኑን ነው።

ናሚቢያ ከሰሃራ በታች ካሉት አገሮች ደረቋ ናት። በናሚብ በረሃ የባሕር ዳርቻ በዓመት የሚጥለው ዝናብ 20 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ውሃውን ከጭጋግ የሚለቅም ጥንዚዛ ሁሉ አለ። እንዲህ ባለ አገር እንስሳ ዝናብ ተከትሎ ይዞራል እንጂ አንድ ቦታ አይረጋም። ስለዚህ ያየሻቸው ዝሆኖች በአብዛኛው የሚኖሩት ከፓርክ ውጭ፣ ኩኔኔ በሚባለው አካባቢ፣ አርብቶ አደሩ ፍየልና ከብት በሚያሰማራበት መሬት ላይ ነው። የውሃ ነጥቡም አንድ ነው። ዝሆን ሲጠማው ታንከር ይገለብጣል፣ ቧንቧ ይነቅላል። በማግስቱ ፍየሎቹ የሚጠጡት የላቸውም። ታዲያ እዚያ ጥበቃ ማለት ድንጋይ ተሸክሞ በፓምፑና በታንከሩ ዙሪያ ወፍራም ግንብ መሥራት፣ ለዝሆኑም ከግንቡ ውጭ መጠጫ መተው ነው። ይህን ሥራ በጣም አከብረዋለሁ።

በ1980ዎቹ (ዘመኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ድርቅና ሕገወጥ አደን እንስሳቱን ሲፈጃቸው፣ ጋርዝ ኦወን-ስሚዝ የተባለ ባለሙያ ወደ አካባቢው ባላባቶች ሄደ። ጠባቂዎቹም ከዚያው ሕዝብ መሐል ተመረጡ። በ1996 ሕግ ወጣ፤ ማኅበረሰቡ በመሬቱ ካሉት የዱር እንስሳት የመጠቀም መብት አገኘ። በ1998 የመጀመሪያዎቹ 4 የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራዎች ተመዘገቡ። ዛሬ 86 ደርሰዋል። ጠባቂው ያየውን እንስሳ፣ ዱካውን፣ የተበላ ፍየል ካለም ይመዘግባል። በየወሩ ድምሩን በወረቀት ላይ ሣጥን እየቀለመ ያሳያል። ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንት እንኳ ጅብ ያደረሰው ጉዳት መጨመሩን በዓይናቸው ያነቡታል።

ከባድ ቀንም አለው። በ2024ቱ ድርቅ የናሚቢያ መንግሥት ዝሆኖችን ጨምሮ 723 የዱር እንስሳት ተገድለው ሥጋቸው ለተራበ ሕዝብ እንዲከፋፈል ወስኗል። እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚመከርበት ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ እችላለሁ ወይ ብለሽ ራስሽን አሁኑኑ ጠይቂ።

ወደ አንቺ ልመለስ። ናሚቢያ መሄዱን አልቃወምም፤ ዊንድሆክ ያለው የናሚቢያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ መስክ ያስተምራል። ታንዛኒያም ከ1963 ጀምሮ የምዌካ የዱር እንስሳት ኮሌጅ አለ። ግን አትቸኩዪ። ከኢትዮጵያና ከኬንያ በቀር የትም በዱር የማይገኘው የግሬቪ የሜዳ አህያ አፋር ክልል ባለው አላይደጌ ሜዳ ላይ አለልሽ። የዱር አህያውም እዚያው አፋር ውስጥ ነው። ግጦሹን ፕሮሶፒስ የሚባል መጤ እሾሃማ ዛፍ እየዋጠው አርብቶ አደሩም አውሬውም ተጨንቀዋል። የኩኔኔ ጣጣ እዚሁ አለ።

እናም በዚህ ክረምት ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ ቢሮ ጻፊና ለልምምድ ውጪ። ከስካውቶቹ፣ ማለትም ከዱር እንስሳት ጠባቂዎቹ ጋር እግርሽ እስኪዝል ተጓዢ፤ አገሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አፋርኛ ጀምሪ። ይህን አጥብቄ የምልሽ፣ ከአንድ የአፋር አባት ጋር ያለ አስተርጓሚ የምታወራ የባዮሎጂ ምሩቅ እንደ ልብ ስለማትገኝ ነው። ጎን ለጎን ኪውጂአይኤስ (የካርታ መሥሪያ) እና አር (የዳታ መተንተኛ) የተባሉትን የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ተለማመጂ፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ከዚያ ለሁለተኛ ዲግሪ የወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅን እዪ።

ለቤተሰቦችሽ እውነቱን ንገሪያቸው። የመንግሥቱ መነሻ ደመወዝ ዝቅተኛ ነው። የፕሮጀክት ሥራ የተሻለ ይከፍላል፤ ኮንትራቱ ሲያልቅ ግን ያው ሥራ ፍለጋ ነው። ካርታና ዳታ የምትችዪ ከሆነ ግን በውሃ፣ በግጦሽና በድርቅ ሥራ ላይ ያሉ ድርጅቶችም ይፈልጉሻል። ጤናው እንደሆነ፣ እስክትመረቂ ቢቆይሽ አያመልጥሽም። ማመልከቻውን በዚህ ሳምንት ላኪ፤ መምህርሽ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልሽም ከፈተናው ግርግር በፊት ጠይቂያቸው።